ጠቋሚ ውሻና ጌታው

«ጠቋሚ» የሚለው ቃል በተማሪ ጆሮ ውስጥ መልካም ድምፅ እንደሌለው እናውቃለን። ጠቋሚ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን በአራት እግሩ የሚሄደው ሳይሆን በሁለት እግሩ የሚሄደው፥ ከጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ የሰማውን ወደ ሌላ የሚያደርሰው ነው። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለዚያ አይደለም። የዛሬው ጠቋሚ ውሻ ነው፤ የሚጠቁመውም ቆቅንና ድርጭትን ነው፤ ከጠቆመም በኋላ ደመወዝ አይጠይቅም። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ያለ ሥጋት እንዲያነቡት እንለምናለን።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛችን ከመጽሔት ላይ የቈረጠውን ሥዕል በመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለጠፈ። በሥዕሉ ላይ ያለው አመድማ ቀለም ያለው፥ ዓይኑ እንደ ማር የሚያበራ፥ እግረ ረዥም ውሻ ነው። ጓደኛችን «ተመርቄ ሥራ በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ውሻ እገዛለሁ» አለ። ሌላው ከአልጋው ተነሥቶ «ሰው የሚበላው አጥቶ ሳለ አንተ ውሻ ልትቀልብ ነው?» ብሎ ተቈጣ። ሦስተኛው ደግሞ «ውሻ የሚያስፈልገው ለሌባ ነው፤ ይህ ቀጭን ነገር የትኛውን ሌባ ሊያባርር ነው?» ሲል አፌዘ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቈየ፤ የተረታም የረታም ሳይኖር ተኛን።

እኛ ግን ከዚያች ሌሊት ወዲህ ነገሩን ዝም ብለን አልተውነውም። ስለነዚህ ውሾች የተጻፈውን ፈልገን አነበብን፥ ውሻ ያሳደጉትንም ጠየቅን፥ በመጨረሻም ወደ አንድ አሳብ ደረስን። አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ጠቋሚ ውሻ ሰው ካገኛቸው ወዳጆች መካከል ከምርጦቹ አንዱ ነው፤ ነገር ግን ወዳጅነቱ የሚገኘው ሥራ ለሰጠው ሰው ብቻ ነው። ሥራ የነሣው ሰው የሚያገኘው ወዳጅ ሳይሆን እስረኛ ነው። ስለዚህ ሥዕል አይቶ መግዛት ስሕተት ነው እንላለን። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጠቋሚ ውሻ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እንናገር። አዳኝ ውሻ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ አውሬውን በዓይኑ አይቶ በሩጫ ይይዛል፤ አንዳንዱ ዱካውን እያሸተተና እየጮኸ ያሳድዳል፤ አንዳንዱ ከቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ወፉን ያስነሣል። ጠቋሚው ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ሜዳውን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ያስሳል። የተሸሸገችው ወፍ ሽታ በነፋስ ተጭኖ አፍንጫው ዘንድ ሲደርስ ግን በሩጫው መካከል ድርቅ ብሎ ይቆማል። አንገቱ ይዘረጋል፥ ጭራው ይገተራል፥ ብዙ ጊዜም አንዱን የፊት እግሩን አጥፎ ያነሣል። አይጮኽም፥ አይዘልም። አዳኙ ቀስ ብሎ እስኪደርስ ድረስ እንደ ሐውልት ቆሞ ይጠብቃል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ ውሻ የተነገረ ይመስላል።

ከዚህ የሚያስደንቅም ነገር አለ። ሁለት ጠቋሚዎች አብረው ሲያስሱ አንደኛው ከቆመ፥ ሁለተኛው ምንም ሽታ ሳይደርሰው የጓደኛውን መቆም አይቶ ብቻ እሱም ባለበት ይቆማል። ይህ እንደኛ በፈተና ጊዜ መኮረጅ አይደለም፤ የጓደኛውን ሥራ ማክበር ነው። ሮጦ ቢቀድመው ወፏ በርራ ትሄዳለች፥ የሁለቱም ድካም ከንቱ ይሆናል።

ይህ ጠባይ ከየት መጣ? ከመሠረቱ በተፈጥሮ ያለ ነገር ነው። ማንኛውም አድብቶ የሚይዝ እንስሳ ከመዝለሉ በፊት ለአንድ አፍታ ቀጥ ይላል፤ ድመት በአይጥ ላይ ከመዝለሏ በፊት እንዴት እንደምትሆን ያላየ የለም። ሰው ይህችን አፍታ አይቶ ወደዳት፤ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም አድርጎ የሚቆመውን ውሻ ከመሰሉ ጋር እያዳቀለ ከብዙ ትውልድ በኋላ አፍታዋን ወደ ደቂቃዎች አስረዘማት። ዛሬ ገና ጥቂት ሳምንት የሆነው ቡችላ፥ ማንም ሳያስተምረው፥ በክር ጫፍ የታሰረ የወፍ ላባ ሲያይ እግሩን አንሥቶ ይጠቁማል። ትምህርቱ የሚያስፈልገው ለመጠቆም ሳይሆን ከጠቆመ በኋላ ታግሦ ለመቆየት ነው። መጠቆም የተፈጥሮ ስጦታ ነው፥ ትዕግሥት ግን የትምህርት ፍሬ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ፤ ምክንያቱም የነዚህ ውሾች ታሪክ የሰው ልጅ የመደብ ታሪክ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ጠመንጃ ለወፍ አደን ከመዋሉ በፊት እንኳ ጠቋሚ ውሻ ነበረ። ውሻው የወፎቹን መንጋ አግኝቶ ወደ መሬት ዝቅ ሲል አዳኞቹ መረብ እየጎተቱ መጥተው በውሻውም በወፎቹም ላይ ይጥሉት ነበር። ዛሬ «ሴተር» የሚባሉት ጠጕረ ረዣዥም ውሾች ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ዝቅ ብሎ ከማድፈጥ ነው። ስፔን ለዚህ ዓይነት ውሻ ከጥንት የታወቀች አገር ናት፤ የእንግሊዙ «ፖይንተር» ቅድመ አያቶችም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከስፔን ጦርነት የተመለሱ መኰንኖች ይዘዋቸው የመጡ ናቸው ይባላል።

በዚያ ዘመን አደን የመኳንንት መብት ነበር። ገበሬው በገዛ እርሻው ላይ እህሉን የሚበላውን ወፍና ጥንቸል ሊነካ አይችልም ነበር፤ የነካ ይቀጣል። መኰንኑ ግን ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻው ውሻ ነበረው፤ አንዱ ይጠቁማል፥ ሌላው የወደቀውን አንሥቶ ያመጣል፥ ሌላው የቆሰለውን አውሬ የደም ዱካ ይከተላል፤ እነዚህንም ሁሉ የሚቀልቡና የሚያጥቡ ሎሌዎች ነበሩት። በፈረንሳይ አገር ይህ የአደን መብት በነሐሴ ወር 1789 በአብዮቱ ተሻረ። በጀርመን አገሮችም በ1848 በተነሣው አብዮት ባላባቱ በሰው መሬት ላይ የማደን መብቱ ተነሣ። ከዚህ በኋላ በጀርመን ነጋዴውም፥ አስተማሪውም፥ ደኅና ገበሬውም ጠመንጃ ይዞ ወጣ። ይህ ሰው ግን አሥር ውሻ የሚቀልብበት ሀብት የለውም። ያለው አንድ ቤትና አንድ ውሻ ነው። ስለዚህ አንዱ ውሻ ሁሉን እንዲሠራ ፈለገ፤ እንዲጠቁም፥ የወደቀውን እንዲያመጣ፥ ውሃ ውስጥ እንዲዋኝ፥ የደም ዱካ እንዲከተል፥ ማታ ደግሞ ከልጆቹ ጋር በምድጃው አጠገብ እንዲተኛ። ጠጕረ አጭሩ የጀርመን ጠቋሚ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው በዚህ ፍላጎት ነው።

ይህን የምንናገረው ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም። ውሻው እንደ ጓደኛ ምን ዓይነት ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ነው። በመኰንኑ ግቢ ከሎሌ ጋር ያደገ ዘርና በተራ ሰው ቤት ከቤተሰብ ጋር ያደገ ዘር ጠባያቸው አንድ አይደለም። እስቲ ዋና ዋናዎቹን በየተራ እንመልከታቸው።

የእንግሊዙ ፖይንተር ሯጭ ነው። ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ ከጌታው በብዙ መቶ ሜትር ርቆ ያስሳል። ነጭ ሆኖ ቡናማ ወይም ጥቁር ወይም ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለበት ነው። በቤት ውስጥ የዋህና ጨዋ ነው፤ ሰው ይወዳል፤ ሆኖም ከጌታው ጭን ሥር ካልሆንኩ የሚል ዓይነት አይደለም። አፍንጫው ሽታ ከያዘ ግን የጥሪ ድምፅ አይሰማም። አጥር የሌለው ሰው ይህን ውሻ በጠዋት ከለቀቀው እስከ ማታ ሊፈልገው ይችላል።

ሴተሮቹ ሦስት ዓይነት በይበልጥ የታወቁ ናቸው፤ የእንግሊዙ፥ ቀዩ የአየርላንዱና ጥቁሩ የስኮትላንዱ ጎርደን። ጠጕራቸው እንደ ሐር የረዘመ ስለ ሆነ እሾህና ጭንጫፍ ይሰበስባል፤ በየጊዜው መበጠር አለበት። ከሦስቱ የእንግሊዙ ገር ነው፤ የአየርላንዱ ተጫዋች ነው፥ እድሜው ገፍቶም እንደ ቡችላ መሆን ይወዳል፤ ጎርደን ለጌታው ታማኝ፥ ለእንግዳ ግን ቈጠብ ያለ ነው።

የጀርመኑ ጠጕረ አጭር፥ አስቀድመን እንዳልነው፥ ሁለገብ ነው። ብልህ ነው፤ ብልህነቱም ለጌታው ዕረፍት አይሰጥም። በር መክፈት ይማራል፥ አጥር መዝለል ይማራል። ሥራ ከሰጡት ያስደንቃል፤ ካልሰጡት ግን ሥራ ራሱ ይፈጥራል፤ የሚፈጥረውም ሥራ ጫማ መብላትና የአትክልት ቦታ መቈፈር ነው።

የፈረንሳዩ ብሪታኒ ከሁሉም ትንሹ ነው፤ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ18 ኪሎ አይበልጥም። የተገኘው በብሪታኒ ገጠር ነው፤ ገበሬውም፥ ያለ ፈቃድ በሌሊት የሚያድነውም ሰው ይወደው ነበር፤ ትንሽ ስለ ሆነ ብዙ አይበላም፥ ዝም ብሎም ይሠራል። የዘሩ ማኅበር በ1907 ሉዴአክ በምትባል ከተማ ተቋቋመ። በቍጣ የማይገሠጽ፥ ልቡ ቶሎ የሚሰበር ውሻ ነው፤ የሚጮኹበት ሰው ከሆነ ጠባዩ ይበላሻል።

የሀንጋሪው ቪዥላ ቀለሙ እንደ ዝገት የቀላ ወርቅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘሩ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ አንዳንድ ባለቤቶች ከአገር ሲሰደዱ ውሾቻቸውን ይዘው ስለ ወጡ ዳነ፤ በአሜሪካም በ1960 በዘርነት ታወቀ። ይህ ውሻ ከሰው መለየት አይወድም። ጌታው ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ ይከተላል፤ ሲቀመጥ እግሩ ላይ ይተኛል። ለብቻው ቀኑን ሙሉ ከተዘጋበት ያለቅሳል፥ በሩንም ይቧጥጣል።

ጓደኛችን በግድግዳ ላይ የለጠፈው አመድማው ውሻ ዋይማራነር ይባላል፤ ስሙ ከጀርመኗ ከተማ ከዋይማር የመጣ ነው። ኀይለኛ ነው፥ ቆራጥ ነው፥ ከሌሎቹ ጠቋሚዎች ይልቅ ጌታውንና ቤቱን የመጠበቅ ጠባይ አለው። ለዚህም ብርቱና ታጋሽ ጌታ ይፈልጋል። የጣልያኖቹን ብራኮንና ስፒኖኔን፥ የስፔኑንም የቡርጎስ ጠቋሚ ለማተት ቦታችን አይበቃም፤ በጥቅሉ ግን ከእነዚህ ከጠቀስናቸው ይልቅ ዝግ ያሉና ረጋ ያሉ ናቸው።

ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ጠባይ ምንድን ነው? በመጀመሪያ፥ ለሰው ገሮች ናቸው። ከሰው ጋር ተባብሮ ለመሥራት የተመረጠ እንስሳ ሰውን ሊጠላ አይችልም። ስለዚህ ሦስተኛው ጓደኛችን እውነቱን ነው፤ ለሌባ ዘበኛ የሚፈልግ ሰው አብዛኞቹ ለእሱ አይሆኑትም። ሁለተኛ፥ ዶሮና ድመት ባለበት ግቢ ችግር አለ፤ ለወፍ የተፈጠረ አፍንጫ የጎረቤትን ዶሮ ከቆቅ አይለይም። ሦስተኛ፥ ብዙ ሩጫ ይፈልጋሉ፤ ለጐልማሳ ጠቋሚ በቀን አንድ ሰዓት የገመድ ላይ ጉዞ አይበቃውም፤ ተለቆ በሰፊው መሮጥ አለበት። አራተኛ፥ ዕድሜያቸው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 ዓመት ነው። ይህን የመጨረሻውን አንባቢ ልብ እንዲለው እንፈልጋለን። ዛሬ ቡችላ የሚገዛ የ22 ዓመት ምሩቅ ውሻው ሲሞት ወደ 35 ዓመት ይጠጋዋል፤ በዚያ መካከል ያገባል፥ ይወልዳል፥ ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው ይዛወራል። ውሻው ግን ሌላ ሕይወት የለውም፤ ሕይወቱ ያ አንድ ሰው ነው።

በእነዚህ ውሾች ላይ የደረሰው ትልቁ ጥፋት ከየት እንደ መጣ ደግሞ እንይ። ጥፋቱ የመጣው ከጠሏቸው ሰዎች ሳይሆን ከመልካቸው ጋር ከተፋቀሩ ሰዎች ነው። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የታወቀ የውሻ ትርኢት በ1859 በኒውካስል ከተማ ሲደረግ የቀረቡት ፖይንተሮችና ሴተሮች ብቻ ነበሩ፤ ሽልማቱም ጠመንጃ ነበረ። ከዚያ ስድስት ዓመት ቈይቶ በ1865 በቤድፎርድሸር የመጀመሪያው የሜዳ ፈተና ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መንገድ ሆነ፤ አንዱ ወገን ውሻውን በመልኩ ይመርጣል፥ ሌላው ወገን በሥራው ይመርጣል። በአየርላንዱ ቀይ ሴተር ላይ ይህ ልዩነት ጎልቶ ታየ፤ የትርኢቱ ውሻ ጠጕሩ እየረዘመና እየተዋበ ሲሄድ የሜዳው ችሎታው ደከመ፤ ሥራ ወዳዶቹ ከዚያው ዘር ለየብቻቸው ሌላ ወገን ማርባት ግድ ሆነባቸው።

ከዚያ ደግሞ የባሰ መጣ። በአሜሪካ በ1950ዎቹ ዋይማራነር ፋሽን ሆነ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እንኳ ሃይዲ የምትባል ዋይማራነር በቤተ መንግሥታቸው ነበረቻቸው፤ የክብር እንግዳ መቀበያውን ምንጣፍ አበላሽታ ጌቲስበርግ ወዳለው እርሻቸው ተላከች ይባላል። እኛ የምንለው ሃይዲ በዚህ ተቀጣች ሳይሆን ተሾመች ነው፤ ምክንያቱም ለዋይማራነር እርሻ ከቤተ መንግሥት ይሻለዋል። ሌሎቹ ግን እንደ እሷ እርሻ ያለው ጌታ አልነበራቸውም። ቀዩ ሴተርም ተራው ደረሰው፤ በ1962 «ቢግ ሬድ» የተባለ ስለ አየርላንድ ሴተር የሚናገር ፊልም ወጣ፤ በ1970ዎቹ ይህ ውሻ በአሜሪካ በብዛት ከሚመዘገቡት ዘሮች አንዱ ሆነ። ፊልሙን ያየ ልጅ አባቱን ለመነ፥ አባት ገዛ፥ ውሻው በጠባብ ቤት ተዘጋ፥ ከዚያም «ይህ ውሻ እብድ ነው» ተባለ። ገንዘብ ፈላጊ አርቢዎችም ጠባይና ጤና ሳይመርጡ አራቡ። ፋሽኑ ሲያልፍ የተጐዳው ውሻው ብቻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚለን ቢኖር እሩቅ ሳይሄድ እናሳየዋለን። ከምንማርበት ቦታ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ፥ ባለቤቱን አንጠራም፥ ጠጕረ አጭር የጀርመን ጠቋሚ አለ። በብዙ ገንዘብ የተገዛ መሆኑን ዘበኛው በኩራት ነግሮናል። ውሻው ሁለት ሜትር በማይሞላ ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፥ ታስሮም ያድራል። በሰንሰለቱ ልክ መሬቱን እየዞረ ክብ አድርጎ ፍቆታል። አንድ ቀን በአጥሩ አጠገብ ቆመን ሳለ እርግብ መጥታ ከፊቱ አረፈች። ውሻው መዞሩን ተወና ድርቅ ብሎ ቆመ፤ ጭራው ተገተረ፥ የፊት እግሩም ተነሣ። ማንም አልመጣለትም። እርግቢቱ ጥራጥሬዋን ለቅማ በረረች፤ እሱም ትንሽ ቆይቶ እግሩን አወረደና መዞሩን ቀጠለ። እኛም ያን ቀን ምሳችንን በደስታ አልበላንም።

እንግዲህ «የሚያድን ሰው ካልሆነ ማንም ይህን ውሻ አይያዝ ማለታችሁ ነውን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ደግ ነው። መልሳችን ግን፥ አይደለም ነው። ውሻው የሚፈልገው ሥራ እንጂ የግድ ወፍ መግደል አይደለም። ለዚህም ከማንኛውም ክርክር የሚበልጥ ምስክር አለን።

በ1936 በሻንጋይ ከተማ አንዲት ፖይንተር ተወለደች፤ ስሟ ጁዲ ይባላል። የእንግሊዝ ባሕር ኀይል መርከበኞች በያንግትዜ ወንዝ ላይ ለሚሄደው መርከባቸው ገዟት። አሳባቸው ለአደን ነበር፤ ነገር ግን መርከበኛው ሁሉ ስላሞላቀቃት ጥሩ ጠቋሚ ሳትሆን ቀረች። በየካቲት ወር 1942 የነበረችበት መርከብ በጃፓን አውሮፕላኖች ተመታ፤ የተረፉት ሰዎች ውሃ በሌለበት ደሴት ላይ ወደቁ። የሚጠጣ ውሃ ያገኘችላቸው ጁዲ ናት፤ በዚያች በአፍንጫዋ አሽትታ መሬቱን ቈፍራ ምንጭ አወጣች። በኋላ ከሰዎቹ ጋር በሱማትራ ተማረከች። በምርኮኞች ሠፈር ፍራንክ ዊሊያምስ የተባለ የአየር ኀይል ወታደር ከዕለት ቀለቡ፥ ከዚያች እፍኝ ከማትሞላ ሩዝ፥ አካፈላት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእሱ አልተለየችም። እሱም ጠባቂዎቹ እንዳይገድሏት የሠፈሩን አዛዥ አግባብቶ እንደ ሰው በምርኮኛ ቍጥር አስመዘገባት። በ1944 ምርኮኞቹን የጫነው መርከብ በቶርፔዶ ሲመታ በመስኮት አሾልኮ ወደ ባሕር ጣላት፤ እሷም በባሕሩ ላይ ተንሳፋፊ ዕንጨት ለሚፈልጉ ሰዎች ረዳት እንደ ነበረች የተረፉት መስክረዋል።

ጦርነቱ አልፎ በ1946 ለእንስሳት የሚሰጠው የዲኪን ሜዳይ ተሸለመች። ከዚያም ዊሊያምስ ለኦቾሎኒ እርሻ ሥራ ወደ ታንጋኒካ ሲመጣ ተከትላው መጣች፤ በ1950 በዚያው ሞታ በአየር ኀይል ካፖርት ተጠቅልላ ተቀበረች። እንግዲህ የዚህች ውሻ መቃብር በዚህ በኛው በምሥራቅ አፍሪካ ነው። ጁዲ በጠቋሚነት የወደቀች ተማሪ ነበረች፤ ነገር ግን አፍንጫዋም፥ ትዕግሥቷም፥ ከሰው ጋር የመተባበር ጠባይዋም ሥራ አላጡም። የምንለው ይህን ነው። ዛሬም እንዲሁ በኖርዌይና በስኮትላንድ ጠቋሚ ውሾች ወፍ ለመግደል ሳይሆን ወፍ ለመቍጠር ይሠራሉ፤ ተመራማሪው ከኋላቸው እየሄደ የጠቆሙትን ይመዘግባል። በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎችም ጠጕረ አጭር የጀርመን ጠቋሚዎችና ቪዥላዎች ፈንጂ ያሸትታሉ። በግል ሰው ቤት ደግሞ የተደበቀ ነገር ማስፈለግ፥ ከሯጭ ጋር ማስሮጥ፥ ከእግረኛ ጋር ተራራ ማስወጣት ሥራ ነው።

ይህ አሳብ ለኛ አዲስ አይደለም። የባላገር ውሻ በእርጎና በትራፊ እንጀራ እያደረ ሌሊት ጅብ ይከላከላል፥ ቀን ከእረኛው ጋር ይውላል። ማንም ዘሩን አልጻፈለትም፥ ማንም ሥዕሉን አልለጠፈም፥ ግን ሥራ አለው፤ ስለዚህም ጤናማ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ስለ ታማኝነቱ ብቻ አይመስለንም፤ የበላበት ቤት ሥራውም ነው ማለታቸው ነው። ከውጭ አገር የመጣ ውድ ውሻ አስሮ የሚያኖር ባለ ግቢ ከአንድ እረኛ ልጅ ያነሰ የውሻ ዕውቀት አለው ብንል እንደፈርን አይቈጠርብን።

ወደ ቍጡው ጓደኛችን እንመለስ። «ሰው የሚበላው አጥቶ ሳለ» ያለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም፤ በፌዝም አናልፈውም። ርኅራኄ እንደ ጤፍ ተሰፍሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ለውሻ የራራ ሰው ለሰው የሚራራው አያንሰውም። ሥጋ ግን ተሰፍሮ የሚያልቅ ነገር ነው። ከ25 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሯጭ ውሻ ብዙ ይበላል። ስለዚህ ያስተማሩት ወላጆቹና ከኋላው ያሉት ታናናሾቹ እጁን የሚያዩ ምሩቅ፥ መጀመሪያ የእነሱን ይክፈል እንላለን። ከዚያ የተረፈው ካለ፥ ጊዜም ካለው፥ ሜዳም ካለው፥ ያሳድግ። ለመታየት የሚገዛ ሰው ግን የራበውንም ሰው ይሰድባል፥ ውሻውንም ይበድላል፤ በአንድ ገንዘብ ሁለት ጥፋት ይሠራል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ውሻ የሚይዝ ሁሉ በየዓመቱ የእብደት በሽታ ክትባት ማስከተብ አለበት። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውድ ውሻ ገዝቶ ክትባቱን የሚንቅ ሰው ለጎረቤቱ ልጅ ሞት እያሳደገ መሆኑን ይወቅ።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ የምንጽፈው ስለ ውሻ ብቻ ነውን? አብዛኛው ስለ ውሻ ብቻ ነው። ግን ያን በሰንሰለት ላይ ሆኖ እግሩን አንሥቶ የሚጠቁመውን ውሻ ካየን ወዲህ አንድ ነገር ከአሳባችን አልወጣም። ለአንድ ሥራ ተመርጦ፥ ለአንድ ሥራ ተምሮ፥ ከዚያ ለጌጥ ብቻ የሚቀመጥ ፍጥረት እሱ ብቻ አይደለም። ከኛ መካከል የአራት ዓመት ትምህርቱን ጨርሶ፥ የሚያውቀውን ማንም ሳይጠይቀው፥ በአንድ ቢሮ ጥግ ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል አለ። ዕውቀቱ እግሩን ያነሣል፤ የሚመጣለት ሰው የለም። ሥራ ያጣ ችሎታ ወይ ይሞታል፥ ወይ ቤት ያፈርሳል። ይህን ለውሻው ያልተረዳ ሰው ለሠራተኛውም ይረዳል ብለን አናምንም።

ሥዕሉ አሁንም በመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ። ጓደኛችን ግን አሳቡን ትንሽ ለውጧል፤ ውሻውን ከመግዛቱ በፊት ሜዳውን እፈልጋለሁ ይላል። እኛም ደግ አሳብ ነው ብለነዋል። ቍጡው ጓደኛችን ገና አልተስማማም፤ መልስ እጽፋለሁ ብሎናል፤ ከጻፈ በሚቀጥለው ቍጥር እንዲወጣ እንጠይቃለን። ሌላም ተቃውሞ ያለው ቢኖር ይጻፍልን፤ እንደ ጠቋሚው ታግሠን ቆመን እንጠብቃለን።